ሰባተኛ ፎቅ አይበርደውም

ሺሺዶ የተገኘው ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነው። ጉንጩ ቀልቷል። ከሞቀ ገላ መታጠቢያ አሁን የወጣ እንጂ የሞተ ሰው አይመስልም። የሬሳ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየውና ቀና አለ።

"ጋዝ ነው" አለ። "ያ ያልተቀጣጠለ ከሰል የሚለቀው፣ ሽታ የሌለው ጋዝ። ግን ከየት መጣ?"

እኛም ዞር ዞር ብለን አየን። ከሰል የለም። ምድጃ የለም። ሕንጻው ከታደሰ ወዲህ የጋዝ ቧንቧ የሚባል ነገር ተነቅሎ ወጥቷል። ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ነው፤ ከጣሪያው ለስለስ ያለ ሙቀት ይለቃል። መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው፣ አይከፈትም። ክፍሉ ውስጥ ሎሚ ሎሚ የሚሸት ነገር ተረጭቷል። እኔ ለሟቹ ክብር ብለው ነው ብዬ አለፍኩት።

"መቼ ነው የሞተው?" አለች አለቃዬ።

"ቤቱ ስለሞቀ ሰዓቱን ቁርጥ አድርጌ አልነግርሽም። ማታ ጋዙን ስቦ ቀስ እያለ ጠዋት ሞቶ ሊሆንም ይችላል።"

"ኦይካዋ" ብላ ወደ እኔ ዞረች። "ሰው ያለ እሳት በጋዝ ይሞታል?"

"እኔ እስከማውቀው አይሞትም፣ አለቃ።"

"እንግዲያው እሳቱን ይዞ የመጣ፣ ይዞትም የሄደ ሰው አለ።"

ይቺ አለቃዬ ኢንስፔክተር ኩማጋይ ናት። በዕድሜ ታናሽ እህቴ ብትሆን ነው፤ በማዕረግ ግን እኔ ሳጅን ሆኜ ጡረታዬን እየጠበቅሁ ነው፣ እሷ ገና እየወጣች ነው። ቁጡ ናት፣ ፈጣን ናት፣ ስትሳሳት ደግሞ በሙሉ ልቧ ነው የምትሳሳተው። በዚህኛው ጉዳይ ስትሳሳት እኔም አጠገቧ ቆሜ ራሴን በአዎንታ እነቀንቅ ነበር።

ሺሺዶ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለች የአንዲት ትንሽ የመሬት ቅየሳ ቢሮ ኃላፊ ነበር። ስድስቱ ሠራተኞቹ ግድግዳውን ይዘው ተሰልፈዋል። ሁሉም ያልባቸዋል። ካፖርቴን አውልቄ በክንዴ ይዤ ነበር፣ እነሱ ግን ከሹራብ በላይ ሹራብ ደርበው ላባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ።

"ደንግጠዋል፣ ምስኪኖች" አልኩ።

"ሰው ሞቶባቸው ምን ይሁኑ?" አለች ኩማጋይ።

ሬሳውን ያገኘችው የሟቹ ምክትል ናት፤ ወይዘሮ ኮሜያማ ትባላለች። ሽበቷን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት ናት።

"ማታ ከሟቹ ጋር ማን ነበር?" ስትል ኩማጋይ ጠየቀቻት።

"አቶ ሙናካታ። የሕንጻውን የኃይል ፍጆታ የሚመረምሩት።"

"ተጣልተው ነበር?"

"የሰው ነገር እንዴት ብዬ..."

"ሰው ሞቷል እኮ፣ እትዬ። ይንገሩኝ እንጂ።"

"ድምፃቸው ከፍ ከፍ ብሎ ነበር። አቶ ሙናካታ 'ይሄ ነገር ከወጣ አለቀልኝ' ሲሉ ሰምቻለሁ።" ይህን ስትናገር ዓይኗን ከወለሉ አልነቀለችም።

የሕንጻው ባለቤት ወይዘሮ ታካደራ ከታች፣ ሊፍቱ አጠገብ ጠበቀችን። ጥቁር ለብሳለች፣ ተኳኩላለች፣ በእጇ ስልኳ ይጮሃል፣ ታጠፋዋለች፣ ደግሞ ይጮሃል።

"ገዢዎቹ ናቸው፣ ከቶኪዮ" አለች። "ወሬው እንዴት ቀደመኝ?"

"ሕንጻውን ልትሸጡት ነበር?" አለች ኩማጋይ።

"በዚህ ወር መጨረሻ። የአባቴ ሕንጻ ነው። ከእድሳቱ በፊት ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር? ክረምት በመጣ ቁጥር ነፋሱ በግድግዳው ይገባል፣ ተከራዩ ይወጣል። ባንኩ መሬቱን ብቻ ገምቶ ሕንጻውን እንደ ፍርስራሽ ነበር የሚቆጥርልኝ። መስታወቱን ድርብ አስደረግን፣ ግድግዳውን ከውስጥ አስለበስን፣ ማሞቂያውን ቀየርን። ፍጆታው ወረደ፣ በኃይል ቁጠባ አምስት ኮከብ ተሰጠን። ዛሬ ትልልቆቹ ተከራዮች ኮከብ የሌለው ሕንጻ አይገቡም። ኪራዩ ወጣ፣ ኪራዩ ሲወጣ ዋጋው ወጣ።"

"ኮከቡን የሚያሰጠው ማነው?"

"መርምሮ የሚያረጋግጠው ሙናካታ ነዋ። ለገዢዎቹ የመጨረሻውን ማረጋገጫ ሊሰጥ ነበር።"

"አሁን ሰው ስለሞተበት ይወርዳል?"

"ለገዢም ለተከራይም መናገር ግዴታዬ ነው።" ድምጿን ቀነሰች። "ሕመም ከሆነ ችግር የለውም። ግድያ ከሆነ የሁለት ሰዎች ጠብ ነው፣ ገዳዩ ይታሰራል፣ ሰው ይረሳል። አደጋ ከሆነ ግን ሕንጻው ገደለው ይባላል። ማን ይገዛኛል?"

"አይዞዎት" አለቻት ኩማጋይ ደረቅ ብላ። "አደጋ አይመስልም።"

ሴትዮዋ እፎይ ስትል አየኋት። ወዲያው ደግሞ እፎይ ማለቷን እንዳየሁባት አወቀችና ፊቷን አዞረች።

ሊፍቱ አጠገብ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የየፎቁ የኤሌክትሪክ ቁጠባ ደረጃ በየወሩ ይለጠፍበታል። ሰባተኛ ፎቅ አንደኛ ነው፣ ቀይ የወረቀት አበባ ተደርጎለታል፤ ክረምቱን ሙሉ አንደኛ ነበር። መጨረሻ የወጣው ሦስተኛ ፎቅ ነው።

"የሦስተኛ ፎቁ ኃላፊ በየፎቁ እየዞረ ይቅርታ ጠይቋል" አለች ወይዘሮ ታካደራ። "ማንም አላዘዘው። እንዲህ ያሉ ተከራዮች ናቸው ያሉኝ።"

እውነት ለመናገር፣ እኔም በልቤ ጨዋ ሰዎች ናቸው አልኩ።

የጥበቃው ካሜራ ላይ ሙናካታ ማታ ከሊፍቱ ሲወጣ ይታያል። በእጁ ትልቅ የብረት ሳጥን ይዟል፣ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎታል። ኩማጋይ ምስሉን አስቆመችና በጣቷ ሳጥኑን መታችው።

"እዚህ ውስጥ ማንደጃ ይገባል?"

"ሁለትም ይገባል" አልኩ።

ሙናካታ ጣቢያ ሲመጣ ክራቫቱን አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ ነው። ቀጭን ነው፣ መነጽሩን ቶሎ ቶሎ ያስተካክላል።

"ትናንት ማታ ሰባተኛ ፎቅ ነበሩ?"

"ነበርኩ።"

"ከአቶ ሺሺዶ ጋር ተጨቃጭቀዋል?"

"አዎ።"

"በምን?"

መነጽሩን አስተካከለ።

"ሳጥኑ ውስጥ ምን ነበር?"

"የመለኪያ ዕቃዎች።"

"የሚነድ ነገርስ?"

"የለም።"

"'ይሄ ከወጣ አለቀልኝ' ብለዋል?"

"ብያለሁ።"

"ምንድነው የሚወጣው?"

ኩማጋይ ወንበሯን ጎትታ ፊቱ ድረስ ተጠጋችው።

"አቶ ሙናካታ፣ በቀጥታ ልጠይቅዎት። ለሺሺዶ ሞት ኃላፊው እርስዎ ነዎት?"

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

"አዎን። ኃላፊነቱ የኔ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ኩማጋይ ዞር ብላ አየችኝ። "ጻፈው" አለችኝ፣ ጻፍኩት። እኔ ራሴ በቀን ስንቴ "የኔ ጥፋት ነው" እላለሁ፤ ለታክሲ ነጂው፣ ለጎረቤቴ፣ ለሚስቴ። ያን ዕለት ግን ይሄ ትዝም አላለኝ።

በማግስቱ ዜናው የሙናካታን ቤት አሳየ። አጥሩን፣ የተዘረጋውን ልብስ፣ የልጆቹን ብስክሌት ሳይቀር። ዓቃቤ ሕግ ዓርብ ክስ እመሠርታለሁ አለ። የሙናካታ ሚስት ልጆቿን ከትምህርት ቤት አስቀርታ፣ የባሏን ሸሚዝ በጨርቅ ጠቅልላ በየቀኑ ጣቢያ ትመጣለች። ዓይኗን አንስታ ሰው አታይም።

አንድ ቀን ከሺሺዶ ሚስት ጋር ኮሪደር ላይ ተገጣጠሙ። የሺሺዶ ሚስት ግዙፍ ሴት ናት፣ ደፋር ናት፣ የገበያ ድምፅ አላት።

"አንቺ ነሽ?" አለቻት። "የዛ ሰው ሚስት አንቺ ነሽ? ሸሚዝ ታመላልሺያለሽ? የኔ ባል ሸሚዝ እኮ ቤቴ ተሰቅሏል፣ የሚለብሰው የለም! ለገንዘብ ሲል፣ ለሕንጻ ዋጋ ሲል! ልጆችሽን በምን ዓይንሽ ነው የምታያቸው?"

የሙናካታ ሚስት ጥቅሉን አስቀምጣ መሬት ላይ ተንበረከከችና ግንባሯን ወለሉ ላይ አደረገች። እኔ ላነሳት ስል ኩማጋይ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተዋት። መብቷ ነው" አለች። የየትኛዋን መብት እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲመጣ አንዲት ነገር ነበረችበት። ሺሺዶ ከመሞቱ በፊት ሞቺ በልቷል፤ ያን የሩዝ ቂጣ፣ በባሕር አረም ተጠቅልሎ፣ ቆዳው ቡናማ እስኪሆን የተጠበሰ።

"ሞቺ በላ" አለች ኩማጋይ ወረቀቱን እየወረወረች። "ይመቸው። እኔ ምሳም አልበላሁ።"

ያን ማታ ሚስቴ ከአዲስ ዓመት የተረፈውን ሞቺ በማይክሮዌቭ አሙቃ አቀረበችልኝ። የመብያውን እንጨት ብሰካበት አብሮ ተነሳ፣ ተጎተተ፣ አልላቀቅ አለ።

"ሴትዮ፣ ይሄ ሙጫ ነው እኮ!"

"ምድጃው ቦታ ያዘ፣ ይጣልልኝ ያልከው ማን ሆነና? ጠብሶ የሚያቀርብልህ ከፈለግህ እሳት አምጣ!"

አፌ ውስጥ እንዳለ ረሳሁት። በሺሺዶ ቢሮ ያየሁት ማይክሮዌቭ ብቻ ነው። የቀረውን ሞቺ እዚያው ቢሮ ፍሪጅ ውስጥ ሳየው ምንም አልመሰለኝም ነበር። ለኩማጋይ ደወልኩ።

"አለቃ፣ ያ ሞቺ በምን ተጠበሰ?"

"ገዳይ ለሚገድለው ሰው ሞቺ አይጠብስለትም" አለች። ከዚያ ደግሞ፣ ቀስ ብላ፣ "ኦይካዋ... ሠራተኞቹን ለምንድነው ያልባቸው የነበረው?"

በማግስቱ ሳንደውል ሄድን። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የገዛ ትንፋሼን ነው፤ ነጭ ሆኖ ከአፌ ወጣ። ክፍሉ ብርድ ብርድ ይላል። ስድስቱም እየሠሩ ነው። ከሹራብ ላይ ሹራብ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ፣ እጃቸው ላይ ጣት የሌለው ጓንት። የዛሬው አለባበሳቸውና የዛን ዕለቱ አንድ ነው። ያን ዕለት ያላባቸው የገዛ ቢሯቸው ሞቆባቸው ነው። ሬሳው በተገኘበት ጠዋት ለኛ ሲሉ ማሞቂያውን አብርተውታል ማለት ነው።

ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ንጹሕ አየር የሚያስገባው ቀዳዳ ዙሪያውን የፕላስተር ሙጫ ቀርቶበታል። አንድ ሰው አሽጎት ነበር፣ ሌላ ሰው ወይም ራሱ ነቅሎታል።

"አይበርዳችሁም?" ስትል ጠየቀች ኩማጋይ።

"ምንም አይደል" አሉ ስድስቱም በአንድነት።

"እዚህ ምድጃ ነበር?"

"የለም" አለች ኮሜያማ።

ኩማጋይ ካፖርቷን አውልቃ መስቀያው ላይ ሰቀለችና የሺሺዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔንም በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ አወለቅሁ፣ ምን አማራጭ አለኝ። ዝም ብለን ተቀመጥን። ሻይ አመጡልን፣ ሳልጨርሰው ቀዘቀዘ። ከሰዓት በኋላ የእግሬ ጣቶች የሉም። ከሠራተኞቹ አንዷ ወጣት ጥርሷ ሲንገጫገጭ በእጇ አገጯን ያዘችው። ማንም ማንንም አያይም።

የመጣሁት ለዚሁ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። እነሱ ችለው እኔ፣ ያን ያህል ወፍራም ሰው፣ ቀድሜ ልናገር? አፈርኩ። እንዲህ ባለ ነገር ማፈሬ ራሱ አሳፈረኝ። ኩማጋይን አየኋት፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። እሷም እንደኔ እንደተያዘች ገባኝ።

መጨረሻ ላይ፣ እንደ ልጅ በቀጠነ ድምፅ፣ "በረደኝ" አለች።

ስድስቱም እጃቸው ቆመ።

"በጣም በረደኝ። መቻል አቃተኝ። እባካችሁ፣ ማሞቂያውን አብሩልኝ።"

ኮሜያማ ተነሳች። ወደ ግድግዳው ሄደችና ጣቷን ማብሪያው ላይ አደረገች፤ ሳትጫነው እዚያው ቆመች። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም።

"ምድጃው የት ነው፣ እትዬ?" አለች ኩማጋይ።

"ቤቴ ነው። መታጠቢያ ክፍል ውስጥ።"

"የማን ነበር?"

"የሁላችንም። አቶ ሺሺዶ ናቸው የገዙት፤ በላምባ የሚነድ ትንሽ ማሞቂያ። እኔ ሳንባ ምች ይዞኝ ተኝቼ ስመለስ፣ 'እንዲህማ አይሆንም' ብለው በካርቶን ደብቀው አስገቡት። ጥበቃው ዞሮ ሲያልፍ እናበራዋለን፣ ሞቺ እንጠብሳለን፣ ትንሽ ሞቅ ብሎን እንሄዳለን። ከላይ በቀዳዳው ቀዝቃዛ አየር ይገባ ስለነበር በካርቶን አሸግነው። እኔ ነኝ ፕላስተሩን የለጠፍኩት።"

"ማሞቂያውን ብታበሩስ? እዚህ ጣሪያው ላይ አለ እኮ!"

"አንደኛ ነበርን።" ይህን ስትል ድምጿ ጠፋ። "የመጀመሪያው ወር እንዲሁ ሆነ፣ አጋጣሚ ነው፤ ብዙዎቻችን መስክ ላይ ነበርን። አበባው ተሰቀለልን። በሊፍቱ ውስጥ ሰዎች ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉን ጀመር። ከዚያ በኋላ ማን ይጫነው? እኔ ብጫነው፣ በኔ ምክንያት ወረድን ማለት ነው።"

"ያን ማታ ሺሺዶና ሙናካታ በምን ተጣሉ?"

"አቶ ሺሺዶ 'አምስቱን ኮከብ ያመጣው መስታወቱ አይደለም፣ የኛ መንቀጥቀጥ ነው፤ ሰኞ ለባለቤቷ እነግራታለሁ' አሏቸው። አቶ ሙናካታ ሽያጩ እስኪያልፍ ብለው ለመኗቸው። ሄዱ። እኛም ሄድን። አቶ ሺሺዶ ምድጃው አጠገብ ትንሽ ልሥራ ብለው ቀሩ።"

"ጠዋት ሲያገኟቸው ለአምቡላንስ ደወሉ?"

"ለአምስቱ ባልደረቦቼ ደወልኩ። ምድጃውን በካርቶን ደብቀን አወጣን፣ ፕላስተሩን ነቀልን፣ የላምባው ሽታ እንዳይታወቅ ሎሚ ረጨን።"

ከአምስቱ አንዱ ማልቀስ ጀመረ። ኩማጋይ አላየችውም።

"ሌላ ሰው እኮ በእናንተ ምክንያት ታስሯል! ነገ ሊከሰስ ነው። ልጆቹ ከቤት አይወጡም። ይሄን ታውቃላችሁ?"

"እናውቃለን። በየቀኑ ነገ እንናገራለን እንላለን። ከስድስታችን ቀድሞ የሚናገር ጠፋ።" እጆቿን አንዱን በአንዱ ላይ ጭምቅ አደረገች። "ማታ በዜና ሲያሳዩአቸው ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ለቴሌቪዥኑ።"

ኩማጋይ የምትሳደብ መስሎኝ ነበር። ሄዳ ማብሪያውን ራሷ ተጫነችው።

ሙናካታን ያንኑ ዕለት ለቀቅነው። ኩማጋይ ወንበር ሰጠችው፣ እሷ ቆመች።

"ለምንድነው 'አልገደልኩም' ያላሉን?"

"ገድለሃል ወይ ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም" አለ መነጽሩን እያስተካከለ። "ኃላፊው አንተ ነህ ወይ ነው ያላችሁኝ።"

ወለሉን አየሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

"ታዲያ ኃላፊው እርስዎ ነዎት እንዴ?" አለች ኩማጋይ።

"ሠራተኞቹን ይበርዳችኋል ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ምንም አይደል አሉኝ፣ 'ምቾት አለው' ብዬ ጻፍኩ። ስጠይቃቸው ግን እኔ ካፖርቴን አላወለቅኩም ነበር፤ አውልቄው ቢሆን ኖሮ መጻፍ አልችልም ነበር። ማታ አቶ ሺሺዶ ይሄን ነው የነገሩኝ፣ እኔም አፈርኩና ለመንኳቸው። በማግስቱ ሞቱ ስትሉኝ፣ በምን እንደሞቱ ሳላውቅ፣ በኔ ነው አልኩ።"

"ያው ኮከቡ ውሸት ነበር ማለት ነው።"

"አይደለም።" ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰበረ። "ታስሬ ሌላ ሥራ ስለሌለኝ በጭንቅላቴ ሳሰላው ነበር። እድሳቱ ጥሩ ነው። መስታወቱም ግድግዳውም ሙቀት ይይዛል። ማሞቂያውን አብርተው በሸሚዝ ቢቀመጡም ሕንጻው አምስቱን ኮከብ ያገኝ ነበር። ዋጋው አንድ የን አይቀንስም። የተንቀጠቀጡት በከንቱ ነው።"

በር ላይ ሚስቱ ጥቅሏን ይዛ ቆማለች። ኩማጋይ ወገቧን አጥፋ፣ እኔም አጥፌ፣ ይቅርታ ጠየቅናት። ሴትየዋ ዓይኗን ሳታነሳ ወደኛ ዝቅ አለችና "አስቸገርናችሁ" አለችን። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን በሕይወቴ የለም።

የቶኪዮዎቹ ገዢዎች ከግዢው ወጡ። ወይዘሮ ታካደራ ሌሎች ፈለገች፤ የሚመጣው ሁሉ ከእድሳቱ በፊት ከነበረው ዋጋ በታች ይጠራላታል። ሙናካታ ደግሞ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት በተመለሱ ሰሞን፣ ሰባተኛ ፎቅ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ። እነሱን? አልነው። እነሱን አለ። ኩማጋይና እኔ አብረነው ሄድን።

ስድስቱ በሩ ድረስ ወጥተው ጎንበስ አሉለት። እሱም ጎንበስ አለላቸው። እነሱ እሱ እስኪነሳ ይጠብቃሉ፣ እሱ እነሱን ይጠብቃል። ኩማጋይና እኔም ቆመን ማየት ስላሳፈረን አጎነበስን። የሺሺዶ ሚስት የባሏን ዕቃ ልትወስድ በሊፍቱ የመጣችው ይሄኔ ነው። ሙናካታን ስታይ ቆመች። ከዚያ ካርቶኗን አስቀምጣ፣ ያ የገበያ ድምፅ ሳይወጣት፣ እሷም ዝቅ አለችለት።

ቀድማ ቀና ያለችውም እሷ ናት።

"በቃ" አለች። "በቃ፣ ተነሱ። ይሄ ሁሉ ማጎንበስ ለኔ ምን ያደርግልኛል? አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ማነው ባሌን ያገኘው?"

"እኔ ነኝ" አለች ኮሜያማ፣ እንዳጎነበሰች።

"ነካሽው?"

"አልነካኋቸውም።"

"ጠራሽውስ?"

"ጠራኋቸው። ሁለቴ።"

"መለሰልሽ?"

ኮሜያማ ይበልጥ አጎነበሰች። ማንም ቀና አላለም።

"አንድ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ" አለች። "እህ እንደ ማለት ያለ። የምድጃው ድምፅ ነው ብዬ... ሲነድ አንዳንዴ እንዲያ ያደርጋል። ከዚያ ለባልደረቦቼ ደወልኩ፤ አምስቱ እስኪመጡ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኳቸው።"

"ስትገቢ ምድጃው ይነድ ነበር?"

"የለም፣ ላምባው አልቆ..."

ኮሜያማ የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። እጇ ወደ አፏ ሄደ።

የሺሺዶ ሚስት ወደ ውስጥ ገብታ፣ የባሏን ወንበር ስባ፣ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። ክፍሉ ሞቋል። አንድም ሰው ቀና አላለም።